ሦስተኛው ቀን ለዜሊ

በፈረንሳይ አገር የእኛ የሩዋን ከተማ ሰው ለዘፋኝ አንጀት የለውም። አዲስ የመጣ ዘፋኝ ሦስት ቀን ይዘፍንልናል፤ ከወደድን እናጨበጭባለን፣ ካልወደድን እናፏጫለን፤ በሦስተኛው ቀን የፖሊስ ሹሙ ተነሥቶ ፍርዳችንን ይናገራል። ያልተፈለገው ከከተማው ውልቅ ነው!

ዜሊ ካርቦኔል በሳቅ ኦፔራ የገረድ ቦታ እየተጫወተች ሃያ ዓመት ከከተማ ከተማ የተንከራተተች ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን ዝም አልናት። በሁለተኛው ሁለት ሰዎች አፏጩባት። ሦስተኛው ቀን ሲመጣ ፍርሃት ገደላት፤ የፈራችውም ለራሷ አልነበረም። ልጇ ኦዲል ሳንባዋን ታማ ከቲያትሩ ጎን ባለው የኪራይ ክፍላቸው ተኝታለች። ሐኪሙ «ብርዱ ሳያልፍ መንገድ ከወጣች ትሞታለች» ብሏል።

«ማዳም ፕሩቮ፣ ዛሬም ካፏጩብኝ ልጄ አለቀች» አለቻቸው የቲያትሩን ልብስ አልባሽ አሮጊት።

«ወግጂ! በዚህ ዕድሜሽ እንደ ሙሽራ ትንቀጠቀጫለሽ? ይልቅ ሆድሽን ሳብ አድርጊ፣ ቀሚሱ ሊተረተር ነው!»

ወጣች። ሰዉ ሳቀላት፣ አጨበጨበላትም። እፎይ ልትል ስትል፣ በመጨረሻው ክፍል፣ ረጅሙን ዘፈን እኩሌታ ላይ አድርሳው ሳለ፣ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። የፈሩት ይደርሳል! ዘፈኑን አቋረጠች። ኦዲል በጋሪ ላይ ደም ስትተፋ ታየቻት። ቀሚሷን ሰብስባ ከመድረኩ ሮጠች።

«አብደሻል እንዴ?» አሉ ማዳም ፕሩቮ።

«አፏጩብኝ!»

«ማን አፏጨብሽ? ባስቲያን ነው! ሸራውን አውርዱ ማለቱ ነው እንጂ!»

ባስቲያን የድሮ መርከበኛ ነው። እሱና ጓደኞቹ ከጣሪያው ሥር ሆነው የመድረኩን ሥዕል ሲቀያይሩ የሚነጋገሩት በፉጨት ነው። ዜሊ ይህን በየቲያትሩ ሃያ ዓመት ሰምታዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ አስደንግጧት አያውቅም።

መድረኩ ግን የአትክልት ቦታ የተሳለበት ሸራ ወርዶበት፣ ሰው አልባ ሆኖ ቀርቷል። እኛ ደካማ ድምፅ እንችላለን፣ ጀርባውን የሚሰጠንን ግን አንምርም። አንዱ አፏጨ፣ አሥሩ ተከተለ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

«ተመለሺ!» ብለው ማዳም ፕሩቮ ገፏት። ተመለሰች። ላብ እያጠመቃት እስከ መጨረሻው ዘፈነች፤ አንድ ቃል የሰማት የለም። ሹሙ ተነሣና «ከተማው አልተቀበላትም» አለ፤ በማግስቱ መውጣቷ ነው።

ክፍሏ ስትደርስ ኦዲል ትራሷን ተደግፋ ጠበቀቻት።

«እማዬ፣ ጭብጨባው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር! ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ተቀበሉሽ አይደል?»

«ተቀበሉኝ።»

«ተመስገን! መንገድ ልንሄድ ነው ብዬ እንዴት ፈርቼ ነበር መሰለሽ። እንግዲህ ነገ ወፍራሙን ካፖርቴን ከሻንጣው ታወጪልኛለሽ?»

ዜሊ የልጅቷን ትኩስ እጅ ያዘች። «እሺ የኔ ዓለም» አለች፣ «ነገ አለብስሻለሁ።»