መልስ ያልሰጡት አጎቴ

"ትልቅ ሰው 'ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ?' ተብሎ ይጠየቃል? ሰርግ እኮ ነው፤ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚመጣው!" አባዬ ጮኸ።

"የአዳራሹ ሰውዬ ስንት ሰው ነው እያለ ሲያስጨንቀኝ ምን ልበለው ታዲያ?" አለች ሙሽራዋ እህቴ ሩት።

እኔ ሶፋው ጥግ ላይ ተሸጉጬ እሰማለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል መልእክት መላኩ የእኔ ሥራ ሆኖ ነበር። በእማዬ ስልክ ላይ ካሉት ዘመዶች መልስ ላልሰጡን ሁሉ፣ "ካርዳችን እንደደረሰዎት ተስፋ እናደርጋለን፤ መምጣትዎን ቢያሳውቁን ደስ ይለናል" ብዬ በትሕትና ጻፍኩ።

ጭቅጭቁ ሳያልቅ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የአባዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ማቴዎስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የገዙትን ዓሣ በፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል! እኔ ሕፃን ሳለሁ በአያቴ ቤት ውርስ ምክንያት ከተጣሉ ወዲህ እሳቸውና አባዬ ተነጋግረው አያውቁም። መልስ ያልሰጡት ለካ ካርድ ስላልተላከላቸው ነው!

"ይቅርታ ልጄ፣ የሆነ ቦታ ጠፍቶ ነው መሰለኝ ካርዱ አልደረሰኝም" አሉኝ። "መልእክታችሁን ሳይ ግን መቀመጥ አቃተኝ። እመጣለሁ፤ እንዴት እቀራለሁ?"

ሩት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባዬ ተነሳ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ የተረፈ ካርድ አንስቶ የወንድሙን ስም ጻፈበትና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከዚያ ፌስታሉን ተቀብሏቸው ወደ ጓዳ ሄደ።