ከፎቁ የወረደው ነፋስ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን የብረት በር ሲያስቆርጥ፣ የተቃጠለ ብረት ሽታ በመስኮት ገባ። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ንዴቴም አብሮ ተነሣ። ትዝታ ጣፋጭ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔ ግን እስካሁን ደሜን ያፈላዋል።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ሶዶ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ትልቅ ጃንጥላ ዘርግታ ዳጣ ትሸጥ ነበር፤ እኔም ከትምህርት መልስ አግዛታለሁ። የነጭ ሽንኩርቱን፣ የዝንጅብሉንና የሚጥሚጣውን ሽታ ተከትሎ ደንበኛው ሁሉ ያገኛታል። ከኋላዋ በነበረው ባዶ ቦታ ላይ አንድ ባለሀብት ፎቅ ጀመረ። ፎቁ ከሰፈሩ ቤቶች በላይ ብቻውን ወጣና ሰፊ የመስታወት ፊቱን ለነፋሱ ሰጠ።

ወጣቱ መሐንዲስ ምሳውን ይዞ እየመጣ ከእናቴ ዳጣ ይገዛ ነበር። ከአንደኛው ፎቅ ወደ መንገዱ የወጡትን የብረት ክንዶች አሳየን፤ ሰፊ ክዳን ሊሸከሙ የተሠሩ ናቸው።

«ነፋስ ከፍ ባለ ቁጥር ይፈጥናል፣ እማማ» አላት። «እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲመታ መሄጃ ያጣና ግማሹ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ መሬት ይወርዳል። ክዳኑ እናንተ ላይ ሳይደርስ ይበትነዋል።»

እናቴ በዚያ ክዳን ሥር ልታረጅ አስባ ነበር።

የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደረሰ። ገበያው የደራ፣ የእናቴም የዓመት ተስፋ ነው። የፎቁ ባለቤት ለበዓሉ ሕንፃውን ሊያስመርቅ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የመልካም ምኞት ባነር አሠርቶ መጣ። ሲሰቀል የብረት ክንዶቹ ከለከሉት።

«ብረቱን ቁረጡት!» አለ።

መሐንዲሱ ለመነው። ባለቤቱ ወደ ተራራው እየጠቆመ «ዳሞት ቆሞልን ምን ነፋስ ይመጣል? ፎቁ ይወድቃል እንዴ?» አለው።

«ፎቁስ አይወድቅም፣ ጋሼ። እኔ የምፈራው ከሥሩ ላሉት ነው።»

«ከሥሩ ያሉትን እኔ አልጠራኋቸውም!»

የብረቱ ብልጭታ እየዘነበብን ክንዶቹ ተቆረጡ። ባነሩ ተሰቀለ፦ «እንኳን በሰላም አደረሳችሁ»። በሰላም! እግዜር ያሳያችሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደመናው ጠቆረ። ከመንገዱ ማዶ የአቮካዶው ዛፍ ቅጠል እንኳ ገና አልተወዛወዘም፤ እኛ ላይ ግን ነፋሱ ከላይ ወረደብን። ጃንጥላው ከነምሰሶው ተነቀለ። እናቴ በሰው ላይ እንዳይወድቅ ብላ አልለቀቀችውም፤ ነፋሱ ከነጃንጥላው አንሥቶ አስፋልቱ ላይ ጣላት። ትከሻዋ ተሰበረ። ዳጣው መንገዱ ላይ ፈሰሰ።

ባለቤቱ ወጥቶ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አጥብቀሽ ብታስሪው ኖሮ!» አላት፤ መሬት ላይ ወድቃ እያቃሰተች! ያነሣት መሐንዲሱ ነው። እሱንም ወዲያው ከሥራ አባረሩት።

ወጌሻው ቢያሽላትም ክንዷ ዳጣ ለመፍጨት እምቢ አለ። ቦታዋንም ቢሆን ዘበኛ ቆመበት፤ ሻጮቹን ሁሉ «ለደኅንነታችሁ ነው» እያለ አባረረ። ለደኅንነታችን ያሰበ ሰው ክንዶቹን መልሶ ክዳኑን ይሠራ ነበር። እስከ ዛሬ አልሠራም።

አሁን እኔ የልጆች እናት ነኝ፤ ወፍሬአለሁም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በዚያ ፎቅ በኩል እናልፋለን። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ፣ ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ እናቴ በደኅናው እጇ ነጠላዬን ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች። ለራሷ ፈርታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «ምነው እማዬ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አንቺ ቀላል ነሽ፣ ይወስድሻል» አለችኝ።