በወንድሜ ጀርባ ላይ የነበሩት ክቦች

ወንድሜ በሞተ ማግስት ሳቅሁ። እስካሁን አፍራለሁ፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው።

ታላቅ ወንድሜን እስራኤል ውስጥ፣ አቲቆት በሚባል ሰፈር ካለው ሕንፃችን ደረጃ ሥር ወድቆ፣ ሞቶ አገኙት። ፖሊስ ሬሳውን ለምርመራ ወሰደው። በማግስቱ ቤተሰቡን ጠሩ። ዕብራይስጥ ስለምችል እኔ ሄድኩ፤ አጎቴና እናቴም። አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፦

«ልጄን እንዳይከፍቱት። ሙሉውን ልቅበረው።»

እሷ ኮሪደር ቀረች። ክፍሉ ውስጥ የሬሳ መርማሪው ሐኪምና አንድ ፖሊስ ነበሩ፤ ሐኪሙ ፎቶ ዘረጋልን። የወንድሜ ጀርባ። ስምንት ክብ ምልክት፣ በያንዳንዱ ውስጥ ትንንሽ ብጣት።

«አንገቱ የተሰበረው በመውደቅ ይመስላል» አለ። «ይሄ ግን ምንድን ነው? ማን አሠቃየው? ካልታወቀ መክፈቴ ነው።»

አየሁትና… ሳቄ መጣ። የእናቴ ዋግምት! የምታግምበት ቀንድ በስደት ስንመጣ ሱዳን ስለቀረ በሻይ ብርጭቆ ነበር የምታግመን። ሐሙስ ወንድሜ ከፋብሪካ ወገቤን ብሎ ሲመጣ አጎቴን ሳይቀር ሁላችንንም አሰልፋ አገመችን። ግን ዋግምት በዕብራይስጥ ምን ይባላል? አላውቅም።

«እናቴ… ብርጭቆ… እሳት… ከዚያ ምላጭ…»

የሐኪሙ ዓይን ፈጠጠ። «እናትህ ናት ያሠቃየችው?»

ባሰብኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

«ምን ያስገለፍጥሃል አንተ!» አለ አጎቴ። «ሸሚዝህን አውልቅና አሳየው!» እሱም የራሱን መፍታት ጀመረ።

ሁለታችን ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። ሐኪሙ ማስመሪያ አምጥቶ የኔን ለካ፣ የአጎቴን ለካ፣ ከፎቶው ጋር አስተያየ።

«አንድ ብርጭቆ ነው» አለ በመገረም።

«ሐኪሙም ጎብጧል፤ ወገቡን ሳያመው አይቀርም» አለ አጎቴ። «ይምጣ፣ እናግመዋለን በለው።»

ነገርኩት። ፖሊሱ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙም ወገቡን ይዞ ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን ጠርጎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ፦ መክፈት አያስፈልግም።

ስንወጣ እናቴ ቀና አለች። ሸሚዜ ተዛንፎ ተቆልፏል፣ ፊቴ ቀልቷል።

«ስቀህ ነው? በወንድምህ?»

«አይከፍቱትም፣ እማዬ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ጎትታ አስጠጋችኝና ቁልፎቼን ፈትታ እንደገና ትቆልፍ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ፤ እጇን ወደ ጀርባዬ ልካ ክቦቹን ዳበሰች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።