ቆፋሪው ምን ይላል?

ጥርስ ሠሪው የሚሠራው ከጥርስ ክሊኒኩ ሥር ባለች ምድር ቤት ውስጥ ነው። የክፍሏ መስኮት ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሰው ፊት አይታይበትም፤ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከላይ በደረጃ ሲወርድለት የኖረው የሰው አፍ ልክ ነው። ሐኪሟ አስነክሳ የላከችለትን ልክ በጀሶ ይሞላል፤ ጀሶው ሲደርቅ ሮዝ ሰም ያለብሰዋል፤ በሰሙ ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይተክላል። በመጨረሻ ሰሙ ቀልጦ ወጥቶ ጠንካራው ፕላስቲክ ሲተካ በሞተር እየሞረደ ያለሰልሰዋል። ፈገግታ ይሠራል እንበል። የፈገግታውን ባለቤት ግን መንገድ ላይ ቢያገኘው በጫማው ካልሆነ በቀር አይለየውም።

ሰፈሩ «መቶ ሺህ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን አዲስ የሰማ ሰው ሀብታም መስሎት ቀና ብሎ ያየዋል፤ ክርኑ ላይ የተጣፈውን ሹራብ ሲያይ ግን ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ስሙ የወጣለት ወሬ ሁሉ «የዛሬ መቶ ሺህ ዓመት…» ብሎ ስለሚጀምር ነው።

ጥፋቱ የልጁ ነው። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ የምታጠናውም ስለ መሬት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማታ፣ እራት ላይ፣ ጨረቃ በየዓመቱ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ከእኛ እየራቀች መሆኗን፣ ቀኑም በዚያው ልክ በዝግታ እየረዘመ መሄዱን ነገረቻቸው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህር የሆነችው እናቷ ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ቀኑ ይረዝማል? እንግዲያው እነዚያን ልጆች እስከ ስንት ሰዓት ልይዝ ነው?»

ጥርስ ሠሪው ግን ያሳሰበው ሌላ ነበር። «ለመሆኑ ያን ጊዜ ከእኛ ምን ይቀራል?» ብሎ ጠየቀ።

«ጥርስ፤ ከአካላችን እንደ ጥርስ የሚቆይ የለም» አለች ልጁ።

«ሰው ሠራሹስ?»

ልጅቱ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ማን ያውቃል አባዬ? ሊቆይ ይችላል።»

ይህን ያለችው እግረ መንገዷን ነው። አባቷ ግን በዚያችው ማታ ቆፋሪውን ወለደው።

ቆፋሪው የዛሬ መቶ ሺህ ዓመት የሚኖር ሰው ነው። ጥርስ ሠሪው አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ራሱ ትልቅና መላጣ፣ አገጩ የወፍ እንቁላል የምታክል ናት። የሚያኝከው ነገር ስለሌለ፣ ምግቡን ሁሉ ስለሚጠጣ፣ ጥርስ የሚባል ነገር አብቅሎ አያውቅም። ዘመዶቹ ግማሾቹ ባሕር ውስጥ ይኖራሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ጥላን ልትሄድ ነው» ብለው ጨረቃ ላይ ተሳፍረዋል። እሱ ግን የድሮ ነገር ይወዳል፤ አካፋ ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ክሊኒኩ የነበረበትን ቦታ ይቆፍርና ሮዝ ድድ ላይ የተሰለፉ ጥርሶች ያገኛል። አገላብጦ ያያቸዋል። የአይጥ ወጥመድ ናቸው ይላል? ጌጥ? የሙዚቃ መሣሪያ? ጥርስ ሠሪው ይህን ሲያስብ አንዳንዴ ብቻውን ይስቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ላብ ላብ ይለዋል። የሰው ዘር ሁሉ በእሱ እጅ ሥራ ሊመዘን ነዋ! ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ጥርስ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ሆነ። ደንበኞቹ ደስ አላቸው፤ እሱም «ቆፋሪው ምን ይላል?» ሳይል ሥራ ማስረከብ ተወ።

ቤተሰቡ መቼም መቀለጃ አደረገው። ሚስቱ የተቀደደ ካልሲውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ቆፋሪው ይህን ቢያገኝ ምን ይላል?» ትላለች። አማቱ ደግሞ እሱ ያበሰለውን ሾርባ የቀመሱ ቀን፣ «ቆፋሪው ይህን ቢቀምስ ጉድጓዱን መልሶ ራሱ ላይ ይደፍነው ነበር» አሉ።

እኚህ አማት ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው፤ ያሳደጓት ደግሞ በፉጨት ነው። የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት ነበር። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ልጅቱ ታች ስትጫወት ውላ ምሳ ሲደርስ በመስኮቱ ብቅ ብለው በዚያች ፍንጭት አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ወደ ላይ ከፍ የሚል ፉጨት ይለቁባት ነበር። «ነይ፣ ምሳ ደርሷል» ማለት ነው። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ፉጨቱን ያውቁታል፤ እንደማይመለከታቸውም ያውቁታል። እሷ ግን የያዘችውን ወርውራ ደረጃውን በሩጫ ትወጣዋለች።

ከዚያ ጥርሳቸው አንድ በአንድ እየለቀቀ ሄደ። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ከሦስት ዓመት በፊት ሲሄዱ ፉጨቱም አብሮ ሄደ። መጀመሪያ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው መሸፈን ጀመሩ፤ ኋላም መሳቁን ቀነሱ። አማቻቸው ስንት ጊዜ ለመናቸው! «ለዚህች ለቀረችኝ ዕድሜ?» እያሉ ይመልሱታል። ጥርስ ሠሪ ቤት ተቀምጦ አማትን ያለ ጥርስ ማኖር ለሱም የሚያሳፍር ነገር ነበር።

አንድ እሑድ ራሳቸው መጡ። ልጅቱ ሩቅ አገር ትምህርት አግኝታ ከሳምንት በኋላ ልትሄድ ነው፤ ለአራት ዓመት።

«ጥርስ ሥራልኝ» አሉት። «የዛሬ ሳምንት ጠዋት ልጄን በፉጨት ነው የምሸኛት። አለቅስ እንደሆን አላውቅም፤ ካለቀስኩ መናገር አልችልም። ፉጨት ግን ይወጣኛል። አራት ዓመት ነው እንግዲህ፣ እኔ ደግሞ…» አሉና ቀሪውን ተዉት።

ሰኞ ልክ ተወሰደ። ረቡዕ በሰም ላይ የተተከለውን ሞከሩት። ምላሳቸውን ከፊት ለፊት አስኬዱና «ፍንጭቴስ?» አሉ።

«ይደረጋል፣ እማማ» አላቸው።

ሐሙስ ዕለት ምድር ቤት ወርዶ ሁለቱን የፊት ጥርሶች ፈልቅቆ አራራቃቸው። ራቅ ብሎ አየ። ክፍተቷ ቁልጭ ብላ ታየችው፤ በዚያች ቅጽበት ቆፋሪው ከተፍ አለ። «እዩአቸው እነዚህን የድሮ ሰዎች፤ ሁለት ጥርስ ማገጣጠም እንኳ አልቻሉም!» ሲለው የሰማው መሰለው። ጥርስ ሠሪው እጁ አልታዘዘው አለ። ጥርሶቹን መልሶ ገጠማቸው። በመስታወት ሲያዩት ይወዱታል ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ውሸቱን እንደሆነ ግን ልቡ ያውቀዋል።

ዓርብ ማታ ጥርሱ ቤት መጣ። አማቱ አጠለቁት። ግጥም ብሎ ገባ፤ ጉንጫቸው ሞላ፤ ሚስቱ «እማዬ፣ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመለስሽ!» ብላ አጨበጨበች። እሳቸው መስታወቱን አላዩም። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱና ከንፈራቸውን አሾሉ።

«ፍስስስ…»

እንደገና ሞከሩ። ነፋሱ የወጣ የብስክሌት ጎማ ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው የወጣው። ጥርሱን አውልቀው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀመጡት።

«ሥራህ ቆንጆ ነው፣ ልጄ» አሉት ሳይቆጡ። «ለቆፋሪህ ስጠው። የተሠራው በእሱ ልክ ነው።» ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ምድር ቤት ወርዶ ከጫማዎቹ ጋር ቢቀመጥ በወደደ። «እኔ እኮ… ቆፋሪው ሲያየው…» ብሎ ሲጀምር ሚስቱ አላስጨረሰችውም።

«ቆፋሪው እኮ ገና አልተወለደም! እናቴ ግን እዚሁ ናት!»

ሻንጣዋን መሬት ላይ ዘርግታ ልብስ የምታጣጥፈው ልጁ ቀና አለች። «አባዬ፣ ቆፋሪው ብልህ ነው ጅል?»

«ብልህ ነው እንጂ!» አለ፤ ስለ ቆፋሪው ክፉ ሲነገር አይወድም።

«እሺ። አያቴን እምዬንና እማን ጎን ለጎን አገኛቸው እንበል። እማ ፍንጭት አላት፤ እምዬ ደግሞ እንደ ግድግዳ የተገጠመ ጥርስ። እናትና ልጅ መሆናቸውን በምን ያውቃል?»

ይህን ብላ ፈገግ አለች። በፈገግታዋ መሐል ያቺው ክፍተት አለች። ሚስቱን ዞር ብሎ አየ፤ ተቆጥታ አፏን ከፈት አድርጋለች፤ እሷም ላይ ያቺው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ይህችን ሴት የትኬት ሰልፍ ላይ ዞራ ስትስቅ አይቷት፣ ትኬቱን ሳይቆርጥ ተከትሏት የሄደው በዚያች ክፍተት ምክንያት ነበር። የወደዳትን ነገር ከእናቷ አፍ ላይ በገዛ እጁ ደፍኗል። አፈረ፤ በጣም አፈረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰም ይዞ ወጥ ቤት ገባ። «አፍሽን ክፈቺ።»

«ሃያ አምስት ዓመት ዝጊ ስትለኝ ኖረህ ዛሬ ክፈቺ?» አለች ሚስቱ፤ ከፈተች ግን። ቀጭኗን ሰም በሁለቱ ጥርሶቿ መሐል አስገብቶ ጫን አደረጋትና ልኩን ወሰደ። ክሊኒኩ ዝግ ነበር። ምድር ቤቷን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ፤ ከአማቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ የፊቶቹን ሁለቱን ቆርጦ አውጥቶ በሚስቱ ልክ አራርቆ ተከላቸው። በመስኮቱ የቅዳሜ ጫማዎች ያልፋሉ፤ አንዱንም አላየም። ልስላሴውን ከመጨረሱ በፊት ቀጭኗን መሞረጃ አነሳ። የሚሠራው ጥርስ ሁሉ ከኋላው በኩል ቁጥር ይጻፍበታል። በዚህኛው ላይ ግን ብዙ አሰበና ከቁጥር ረዘም ያለ ነገር ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ አማቱ ጥርሱን አጥልቀው መታጠቢያ ቤት ገቡና ከውስጥ ቆለፉ። ሚስቱና ልጁ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ፍስስ። ፍስስስ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ። ከዚያ አንድ ትንሽ ስድብ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

እሑድ ጠዋት ታክሲው ታች መጥቶ ቆመ። ልጅቱ እምዬዋን ላይ ቤት ጉንጫቸውን ስማ ተሰናብታ ወረደች። አማቱ «እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ» ብለው ቀሩ። ጥርስ ሠሪው ሻንጣውን ከሾፌሩ ጋር ጫነና አንገቱን ወደ ሦስተኛው ፎቅ አቀና። ነጭ ፀጉራቸው በመስኮቱ ብቅ አለ። ከንፈራቸው ሾለ። ምንም። ልጅቱ የመኪናውን በር እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። እንደገና ሾለ። ነፋስ። ጥርስ ሠሪውን መቶ ሺህ ዓመት ይቅርና የሚመጣውን ደቂቃ ማለፍ ከብዶት ነበር። ቆፋሪው ቢመጣ በዚያች ሰዓት «ዞር በልልኝ» ይለው ነበር።

በሦስተኛው ወጣ። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ወደ ላይ ከፍ ያለ። ከባለሱቁ በር ላይ የተኛው ውሻ ዘሎ ተነሳ። ልጅቱ የእጅ ቦርሳዋን አስፋልቱ ላይ ጥላ ደረጃውን በሩጫ ወጣችው።

«ምን ረስታ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ምሳ» አለው ጥርስ ሠሪው፤ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት?»

ስትወርድ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ ይሁንና ትስቅ ነበር። ከላይ መስኮቱ ላይ ያሉትም አፋቸውን በመዳፋቸው ሳይሸፍኑ ይስቁ ነበር። ታክሲው ማዕዘኑን እስኪዞር ፉጨቱ አላቋረጠም።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ወንበሩ ግን አራት ነው። ከምሳ በኋላ አማቱ ጥርሳቸውን አውልቀው በቧንቧው ሥር ሲያጥቡ አውራ ጣታቸው የሚቧጭር ነገር ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ የተሞነጫጨረው?» አሉ።

ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ ወደ መብራቱ አስጠግታ አነበበችላቸው፦ «ስህተት አይደለም፤ ለፉጨት ነው።»

«ለማን ብሎ ነው የጻፈው?»

«ለማን ይሆናል? ለቆፋሪው ነዋ!»

ጥርስ ሠሪው የሚመጣበትን ስድብ እየጠበቀ ጫማ ጫማውን አየ። አማቱ ጥርሱን መልሰው አጠለቁና በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ወደ ጠረጴዛው ተመለከቱ፤ ዓይናቸው ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ቆየ።

«ሲፏጭ ምሳ ደርሷል ማለት እንደሆነም ጨምረህ ጻፍለት» አሉት። «ሰምቶ ከመጣ ይምጣ። ወንበር እንደሆነ አንድ ተርፎናል።»