ልብሱ የማይቆሽሸው ልጅ

ልጅ ሳለሁ ልብሴ አይቆሽሽም ነበር። የግቢያችን እናቶች «እስቲ እንደ ሰሚራ ንጹሕ ሁኑ!» እያሉ ልጆቻቸውን ይቆጡ ነበር፤ እኔ ግን ንጹሕ የሆንኩት ጨዋ ስለነበርኩ ሳይሆን የሚያጫውተኝ ስላልነበረ ነው። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ያኔ፣ እናቴ ለሥራ ጅዳ ሄዳለች፤ አባቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ስለሚሸጥ ጠዋት ወጥቶ የሚገባው ከመግሪብ በኋላ ነው። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ወዳለው ግቢ አዲስ ገቢዎች ነበርንና ልጆቹ የካልሲ ኳስ ሲጫወቱ ጠጋ ስል «ሞልተናል» ይሉኛል። አንድ ቀን ቆጠርኳቸው፤ አምስት ለአራት ነበሩ።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የማመሸው ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ዘንድ ነበር። እትዬ ከድጃ የወሎ ሰው ናቸው፤ የአልጋ ቤቶችን አንሶላ እያጠቡና እየተኮሱ ይኖሩ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ቀን አልነበረም፣ ኩራዝ ለኩሰው የከሰል ካውያቸውን ያወጣሉ። ፍሙን እፍ እፍ ሲሉት ፊታቸው ቀላ ይላል፤ የከሰሉ ጭስና የእርጥብ አንሶላው እንፋሎት ክፍሏን ሲሞላት ተረታቸውን ይጀምራሉ። የሌላ ሰው አያት ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ትተርታለች፤ የእኔዋ እትዬ ከድጃ የሚተርቱልኝ ስለ ቤዝቦል ነው!

በንጉሡ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ አስመራ ለአሜሪካ ወታደሮች ቤተሰብ ልብስ ያጥቡ ነበር። የወታደሮቹ ልጆች የቤዝቦል ቡድን ነበራቸውና በየሳምንቱ ከጨዋታ በኋላ የአሥራ ሁለት ልጆች ነጭ ልብስ በኬሻ ይመጣላቸዋል። ጨዋታውን አንድም ቀን አላዩም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ መትቶ አራቱን ማዕዘን ይዞርና ወደተነሳበት ይሮጣል፤ ይህችን ያህል የነገራቸው ወጥ ቤቱ ነው። የቀረውን ከእድፉ ያነቡታል። ጭኑ ላይ ቀይ አፈር ካለ ልጁ ሊደርስ ሲል ተንሸራቷል፤ ክርኑ ላይ የሣር እድፍ ካለ ኳስ ሊቀልብ ተወርውሯል። በዚህ ብቻ ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር ያወሩልኛል። «ባለ ሰባት ቁጥሩ ዛሬም በደረቱ ነው የገባው፣ ወላሂ! የእሱን ሸሚዝ ሳሽ እጄ አለቀ!»

ከአሥራ ሁለቱ ግን የአንዱ፣ የትንሹ፣ ልብስ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ይለብሳል፣ ይሄዳል፣ አያስገቡትም፣ ይመለሳል። እሳቸው ግን ከሌሎቹ ጋር አጥበው ይተኩሱለታል።

«ሳይቆሽሽ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ለይቼ ላስቀርበት? አይከፋውም?»

እኔ ስለ ባለ ሰባት ቁጥሩ ምን ገዶኝ! ማታ ማታ ጥያቄዬ «ዛሬስ አስገቡት?» ነው። «አይ፣ ዛሬም ቁጭ ብሎ ዋለ» ይሉኛል፤ እሱ ካልተጫወተ እኔም መቼም የምጫወት አይመስለኝም ነበር። አንድ ምሽት ግን ካውያቸውን አስቀመጡና «ዛሬ ጉልበቱ አፈር ብቻ ሆኖ መጣልሽ!» አሉኝ። እሰይ! ብዬ ዘለልኩ።

በሳምንቱ ዝናብ ጥሎ ግቢው ጨቀየ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «ሞልተናል» ሲሉኝ ከቧንቧው ጀርባ ሄድኩና ጭቃ ዘግኜ የዩኒፎርሜን ጉልበትና ክርን ለቀለቅኩት። እጄን ታጠብኩና ትንሽ እያነከስኩ ገባሁ። «እትዬ፣ ስንጫወት ወደቅኩ!»

ጭቃውን ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ይዘው መዳፌን ገለበጡት፤ አንዲት ጭረት የለም። «ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መዳፉ ነው፣ የኔ እናት» አሉ፣ ቀስ ብለው። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ግን አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ያም ልጅ እንዲሁ ነው ያደረገው። ዋሽቼሻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አፈሩ በእጅ የተቀባ ነበር፤ ምናልባት እናቱ እንድታይለት ይሆናል። ገባኝ፤ ገብቶኝ ዝም ብዬ አጠብኩና መለስኩለት። በነጋታው በር ላይ አገኘሁት፣ ቀና ብሎ አየኝ። ቋንቋውን አላውቅ፣ ምን ልበለው ብዬ አለፍኩ። ቋንቋ ምን ያደርጋል? ራሱን ዳበስ ባደርገው ምን ነበረበት? ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ይህን ብለው ራሴን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። እንዴት ያለ ለቅሶ አለቀስኩ! ስለ ኳሱ አልነበረም፤ እናቴ ናፍቃኝ ነበር፣ ያንንም ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዩኒፎርሜን አብረን አጠብነው፣ እሳቸው ተኮሱት፣ አባቴም ምንም ሳይሰማ ቀረ።

ልጆቹ በዚያ ዓመት አላስገቡኝም። በኋላ አንድ ቤተሰብ ግቢውን ሲለቅ ሰው ጎደላቸውና ጠሩኝ፤ ተጫወትኩ፣ ያን ያህልም አልነበረም። እትዬ ከድጃ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ዛሬም የከፋው ሰው ደህና ነኝ ሲለኝ ዓይኔ ወደ መዳፉ ይሄዳል፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልችልበትም።

ያ ልጅ በሕይወት ካለ አሁን ሽማግሌ ነው። መርካቶ ውስጥ ስሙን እንኳ የማታውቅ አንዲት ልጅ ማታ ማታ «ዛሬስ አስገቡት?» እያለች ስትጠይቅለት እንደነበር ማን ይነግረዋል?