ባለሱቋ ዶሮ

ለሁለት ወር ያህል የቤታችን የቲቪ ሪሞት ከእኔ ጋር አብነት ሰፈር፣ ሱቄ እየዋለ ይገባ ነበር። ጠዋት ከሱቅ ቁልፍ ቀድሞ ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ሱቅ ስደርስ ከሜትሩና ከመቀሱ ጎን አስቀምጠዋለሁ። አንድ ደንበኛ አንስቶ እያገላበጠ "ይሄም ይሸጣል?" ቢለኝ፣ "እሱ እስረኛ ነው፣ ቦታው መልሰው" አልኩት።

መጋረጃ ነው የምሸጠው። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። ሁለቱ ልጆቻችን፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሴትና የስድስት ዓመቱ ወንድ፣ እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲል ሦስቱም ቤት ናቸው። እኔ ሱቅ ዘግቼ፣ ዳቦና ሽንኩርት ገዝቼ፣ ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ አንድ ሰዓት አልፏል። በዚህ መሃል ያለው ጊዜ የእነሱ ነው።

ሪሞቱን ለምን እንዳሰርኩ ለጠየቀኝ ሁሉ የማቀርበው ምክንያት ነበረኝ። ልጁ ቲቪ እያየ ሲበላ ማንኪያውን አፉ ጋ ሳይሆን ጆሮው አካባቢ ይወስደዋል። ልጅቷ ደግሞ የማስታወቂያ ቋንቋ ለምዳ፣ ደብተር ግዢልኝ ስትለኝ እንኳ "ዛሬውኑ ይምጡ፣ ሳያልቅ ይውሰዱ" ትለኛለች። ሰው ይህን ሲሰማ "እውነትሽን ነው" ይላል። እኔም የማወራው ለዚሁ ነበር።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተደራርበው ይስቃሉ። ሳቅ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ይጠርጋል። "ምንድን ነው?" አልኩ። ልጅቷ ልትነግረኝ ሞከረች፤ መሃል ላይ ሳቋ መጣባትና ተወችው። ልጁ ነው የጨረሰው።

"ማሚ፣ ካልነበርሽ አይገባሽም።"

ከዳቦው ጋር ቆሜ ቀረሁ። በማግስቱ አዲስ ሕግ አወጣሁ፤ ሪሞቱ ከእኔ ጋር ይውላል፣ ቲቪ የሚከፈተው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው፣ እኔም መሃል ላይ እቀመጣለሁ።

በዚያ ሰዓት የሚመጣው የአሻንጉሊት ፕሮግራም ነበር። አንዲት ዶሮ ሱቅ አላት። ፍየሉ ይመጣል፣ አህያው ይመጣል፣ ይከራከሯታል። ዶሮዋ ንግድ አታውቅም፤ ፍየል ፊት ጎመን ዘርግታ ታንቀላፋለች። አብነት ብትሆን ሳምንት አትቆይም ነበር። ለእኔ ግን ስለ ዶሮዋ አልነበረም። ልጁ በቀኝ፣ ልጅቷ በግራ ይደገፉኛል፣ ባለቤቴ ዳር ይቀመጣል። ሲስቁ ሳቃቸው በጎኔ በኩል ይሰማኛል። ተሳካልኝ ብዬ ነበር።

አንድ ምሽት ፍየሉ ገና በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ልጄ ሳቀ። እህቱ በክርኗ ጎሰመችው። ከዚያ ፍየሉ ገባና የዱቄት ጆንያው ውስጥ ተዘፈቀ። ይሄኔ ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጭና "ውይ!" አለች።

እኔ ይህን "ውይ" አውቀዋለሁ። ጎረቤት ሱቅ ዋጋ ጠይቆ የመጣ ሰው፣ እኔ ዘንድ መጥቶ እንዳልሰማ ሲሆን የሚያሰማው ነው። ዋጋ ስነግረው መጀመሪያ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ከልክ በላይ ይደነግጣል። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ካልሲውን በጣም በጥሞና ይመለከታል።

ሳልቆጣ ሪሞቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አሥር ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ይህ ሊያስፈራው ይገባ ነበር።

በማግስቱ ከጎኔ ጫማ የምትሸጠውን ጓደኛዬን ጠየቅኳት፤ ልጆቿ ከትምህርት ቤት መጥተው የሚውሉት ሱቋ ውስጥ ስለሆነ የልጆች ፕሮግራም ታውቃለች።

"የዶሮዋን? እሱማ አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው" አለችኝ።

"ማታ ነው እንጂ።"

"የማታው ድጋሚው ነዋ! አንቺ ያደረ ነው ስትበዪ የከረምሽው በይኛ።"

"ሪሞቱ እኮ እኔ ጋ ነው።"

ሪሞቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "እናቴ፣ ቲቪ እኮ ራሱ ላይም መክፈቻ አለው። ከሥር ነው፣ በጣትሽ ዳብሺው። ሪሲቨሩ እንደሆነ ማታ የተውሽው ጣቢያ ላይ ነው የሚያድረው።"

አራዳ ነኝ ስል የኖርኩ ሴት፣ ሁለት ወር ሙሉ ቁራጭ ፕላስቲክ ተሸክሜ ስመላለስ ከርሜያለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የሱቄን በር ስጎትት ጓደኛዬ ከጫማዎቹ መሃል ብድግ አለች። አብነት ውስጥ በዚያ ሰዓት ሱቅ የሚዘጋው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

"ለቅሶ ነው?"

"እስካሁን አይደለም" አልኳት።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ቁልፉን አውጥቼ በሩ ፊት ቆምኩ። ከውስጥ የዶሮዋ ፕሮግራም ሙዚቃ ይሰማል። ከዚያ ዶሮዋ መናገር ስትጀምር አንድ ሌላ ድምፅ በላይዋ ላይ ተናገረ፤ የሴት ድምፅ ለመሆን የሚጥር የወንድ ድምፅ።

"እህህ! የኔ እህት፣ ይሄን ጨርቅ ነክተሽው ነው የምትሄጂው? እስቲ ደግመሽ ንኪው! ቆይ፣ አትሂጂ፤ ላንቺ ስል ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ!"

እኔ ነኝ። ከዋጋ በፊት የማደርገው የጉሮሮ ጠረጋ ሳይቀር። "ለማንም እንዳትነግሪ" በቀን ለሃያ ሰው ነው የምለው፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ሱቅ መጥቶ ጥግ ላይ ወረቀት ሲያርም የሚሰማ አይመስለኝም ነበር።

ልጆቹ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። "ባቢ፣ ድገመው! ቦርሳዋን የምትፈልገውን!" አለ ልጁ።

"ቁልፌስ? ቁልፌ ይኸው። ሪሞቴስ? ማነው ሪሞቴን የነካ? እዚሁ ቦርሳዬ ውስጥ ካጣሁት ሁላችሁንም እሰቅላችኋለሁ!"

አንዳቸው ከሶፋ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ልጅቷ ተነፈሰችና ሥራ አስኪያጅ ሆነች። "በቃ፣ በቃ። አንተ፣ ማታ ቀድመህ እንዳትስቅ፤ ትናንት ልታስበላን ነበር።"

"ማታ አያስቀኝም እኮ" አለ ልጁ። "ማታ ዶሮዋ ዝም ብላ ዶሮ ናት።"

ይህን ስሰማ ቁልፉ እጄ ውስጥ ከበደኝ።

ስላፌዙብኝ አልነበረም። አብነት ውስጥ ድምፄን የማያስመስል የለም፤ አንዳንዱማ ፊት ለፊቴ ነው የሚያስመስለው። ያቃጠለችኝ ከበሩ ወዲያ ያለችው፣ ባለቤቴ የሚጫወታት ሴትዮ ናት። አሥር ሰዓት ላይ ትገባለች፣ እግሯ አያብጥም፣ የቤት ሥራ አትጠይቅም፣ "ድገሚው" ይሏታል። አንድ ሰዓት አልፎ የምትገባዋን "ድገሚው" ብሏት የሚያውቅ የለም። ሰው በጎረቤቱ፣ በጓደኛው፣ በባሉ ሲቀና አይቻለሁ። እኔ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ በገዛ ራሴ ቀናሁ።

በእሱም ቀናሁ። ይህ ሰው ለእኔ የሚነግረኝ ውሃ በየትኛው ቀን እንደምትመጣና የትኛው ወላጅ ከስብሰባ እንደቀረ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ የት ደብቆት ነበር?

ከአራተኛ ፎቅ እየወረዱ የነበሩ አሮጊት ጎረቤታችን አጠገቤ ቆም አሉ። "ምነው ልጄ፣ ቁልፍ ጠፋሽ እንዴ?"

"አይ እማማ፣ በሩን እያየሁት ነው። እርስዎ ይለፉ።"

"በሩ ምን ሆነ?"

ቁልፉን አዙሬ ገባሁ።

ባለቤቴ መሃል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ አንድ እጁ ወገቡ ላይ፣ ሌላው አየር ላይ። ልጁ ዘሎ ቲቪውን በጀርባው ሊጋርድ ሞከረ፤ ጭንቅላቱ የሸፈነው የአህያውን እግር ብቻ ነው።

"ማሚ፣ አሞሽ ነው?" አለች ልጅቷ።

"ቲቪው..." አለ ባለቤቴ፣ "በራሱ..."

"በራሱ ተከፈተ?"

ትንሽ አሰበ። አስተማሪ ስለሆነ ውሸት መስማት እንጂ መዋሸት አልለመደም። "ከሥሩ መክፈቻ አለው" አለ።

ሪሞቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። "ቀጥሉ።"

ዶሮዋ ተናገረች፣ አህያው መለሰላት፣ አንድም ሰው አልሳቀም። ልጆቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንግዳ ቤት እንደሄዱ ሆነው ተቀመጡ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ ያመጣሁት ማታን ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜያቸውን ልካፈል መጥቼ፣ ማታዬን ይዤባቸው ገባሁ።

"በል አድርጋት እስቲ" አልኩት ባለቤቴን።

"ማንን?"

"እኔን።"

"ተይው በናትሽ፣ ቀልድ ነው እኮ" አለና ተመልሶ ወደ ካልሲው።

እሱ እምቢ ሲል ራሴ ተነሳሁ። ሃያ ሜትር ጨርቅ በአንድ አፍ የምሸጥ ሴት ራሴን መሆን ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ዶሮዋ አፏን ስትከፍት ጠብቄ በላይዋ ላይ ተናገርኩ። "የኔ እህት፣ ይሄን ጨርቅ ነክተሽው ነው የምትሄጂው?"

ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አይደለም ማሚ። እንደሱ አትዪም።"

"እኔ እኮ ነኝ!"

"አውቃለሁ። ግን ባቢ ነው የሚችለው።"

ልጅቷ ተነስታ ፊቴ ቆመች። ቀሚሴን አስተካከለችልኝ። "መጀመሪያ ጉሮሮሽን ጥረጊ። እጅሽን ወገብሽ ላይ፤ እሱን አይደለም፣ ግራውን። ዋጋ ስትናገሪ ደግሞ ገዢዋን አትመልከቺ። ጨርቁን ነው የምታዪው።"

"ጨርቁን ነው የማየው?"

"ሁልጊዜ" አሉ ሦስቱም።

ይህን ያህል ዓመት ስነግድ ይህን አላውቅም ነበር። ሞከርኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ። በሦስተኛው ልጁ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ግን ፈገግ ከማለቱ በፊት አባቱን አየ። አባቱ እንግዲህ መምህር ነው፤ ተማሪ ሲሳሳት እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም።

"'የኔ እህት' የሚለውን ሳብ አድርጊው" አለ፣ አሁንም ሳያየኝ። "ገዢዋን የምትለቂያት ይመስላል፣ ግን አትለቂያትም።"

"እንዴት?"

ብድግ አለ። እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሶፋውን ጨርቅ እያየ "የኔኔኔ እህት" አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ፤ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ግን ከሳቁ በፊት አንድ ነገር ወግቶኛል፤ ሰውየው ከእኔ ይበልጥ እኔን መሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ሪሞቱ ቤት ነው የሚውለው፤ ረቡዕ ረቡዕም ሱቄን በዘጠኝ ተኩል እዘጋለሁ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ደንበኛ ሳይኖር ጉሮሮዬን እጠርግና፣ ጨርቁን እያየሁ፣ ሳብ አድርጌ "የኔኔኔ እህት" እላለሁ። ጫማ የምትሸጠው ጓደኛዬ ከማን ጋር እንደማወራ ሁለቴ ጠይቃኛለች።