የእትየ አንጓች ሣጥን

ቡሬ ከአያ ደሴ እንጨት ቤት የገባሁት ወንበርና አልጋ ልሠራ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን የታዘዘው የሬሳ ሣጥን ሆነ። አያ ደሴ ዋናው አናጢ ናቸው፤ ከእሳቸው ሥር ቆራጭና ላጊ ነበሩ፤ እኔ ከሁሉም በታች ጣውላ ያዥ ነበርሁ። “ሐዘንተኛ አይመረመርም፤ ያመጣውን ልክ ተቀብሎ መቁረጥ ነው” ብለው አስጠነቀቁኝ።

የሟች ልክ የሚመጣው በሸምበቆ ነው። ቤተ ሰቡ ከራስ እስከ እግር ይለካና ሸምበቆውን ቆርጦ ይልካል። የዚያን ቀን የመጣው ሸምበቆ ከክንዴ ብዙም አይበልጥም። “ሕፃን ነው” ብለን ሁላችንም አዘንን። ላጊው መላጊያውን እየገፋ እንባውን ይጠርጋል። ሣጥኑ አልቆ ከሄደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ለካስ ሟቹ የቤት ምሰሶ የሚያህሉ ሽማግሌ ኖረዋል።

መልእክተኛው “ባጃጅ ውስጥ አልገባ ቢለኝ ሸምበቆውን ሰበርሁና ግማሹን ይዤ መጣሁ” አለ።

“ግማሽ መሆኑን ስለምን አልነገርኸንም?” አሉት አያ ደሴ።

“ስለምን አልጠየቃችሁኝም?” አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሐዘንተኛ አይመረመርም የሚለው ሕግ ተሻረ።

ያልተሻረው ሕግ የምስማር ነው። አያ ደሴ በወጣትነታቸው ወደ ቋሪት ሲወሰድ ዳገት ላይ ታቹ የተከፈተ ሣጥን አይተው ኖሮ፣ “በሣጥን ላይ በምስማር አይሰሰትም” ይላሉ። ታቹንም ክዳኑንም ዙሪያውን አጥር አስመስለን እንመታው ነበር። እሳቸው ሲያርፉ የራሳቸውንም ምስማር ሳልቆጥብ መታሁላቸው። እንጨት ቤቱ ለእኔ ቀረ።

ያን ጊዜ ስመኝን አግብቻለሁ። የሣጥኑን ጨርቅ የምታለብሰው እሷ ነበረች፤ መስቀሉን ከላይ የምትሰፋውም እሷ። ሐዘንተኛ ሲመጣ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳመመው፣ ስንት ልጅ እንደተወ ሁሉን ትጠይቅና አብራ ታለቅሳለች። እያለቀሰች ስትቆርጥ ጨርቁ ይጎድልባታል። “አንቺ ካለቀስሽ መቀሱን እኔ ልያዝ” እላታለሁ፤ እሷም “ከያዝኸው አልቅስበት” ትለኛለች።

እትየ አንጓች የመጡት በዚያ ዘመን ነው። ትውልዳቸው ከአዊ የሆነ፣ ከቡሬ ወጣ ብለው የሚያርሱ ባልቴት ናቸው። ባላቸውንና ልጆቻቸውን ቀብረዋል። ሲናደዱብኝ በአገውኛ ይናገሩኛል፤ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም። ሐኪም “ይህ ልብዎ ሩቅ አይወስድዎትም” ቢላቸው፣ ራሳቸው የተከሉትን ዋንዛ አሰንጥቀው በጋሪ አስጭነው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

“ለማን ነው እትየ?”

“ለኔ ነዋ። ከሞትሁ ወዲያ በምን እንጨት እንደምትሸነግለኝ ማን ያይልኛል?”

ሠራሁላቸው። እሳቸው ግን አልሞቱም። ሣጥኑ ባዶውን መቀመጡ ቢያሳዝናቸው በርበሬ ሞሉበት፤ አይጥ አስቸገረኝ ብለውም ቁልፍ እንዳበጅለት መልሰው አመጡት።

“በሬሳ ሣጥን ላይ ቁልፍ?” አልኋቸው።

“በበርበሬ ላይ” አሉኝ።

በኋላ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ሞተ። እትየ አንጓች በርበሬውን ገልብጠው ሣጥኑን ሰጡትና ሌላ አዘዙ። ሁለተኛውም እንዲሁ ለአንዲት ደሀ ጎረቤታቸው ሄደ። ሦስተኛውን ሳስረክባቸው “እርስዎ በሣጥን የሚያዙ አልሆኑም” ብላቸው “የቀጠረኝ ያውቃል፤ አንተ ላግ” አሉኝ።

ስመኝ የታመመችው ያን ሰሞን ነው። ፍኖተ ሰላም አሳከምኋት፤ ባሕር ዳርም ወሰድኋት። የሆድ ዕጢ ነው፣ ሥር ሰዷል ተባለ። ሐኪሙ በርበሬ ከለከላት። ያስለቀሳት ይህ ነው። “ዕጢውንስ እሺ፤ አልጫው ግን በምን ኃጢአቴ ነው?” አለች። ጠበል ስወስዳት እንኳ በመቀነቷ ጫፍ በርበሬ ቋጥራ አገኘሁባት።

እኔ ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ደጄ ላይ የቆሙትን ሣጥኖች ሳይ ሞትን ቤቴ ድረስ የጠራሁት ራሴ መሰለኝ። ያሉትን ሸጬ ሌላ አልሠራም አልሁ። ለእግዚአብሔርም “እኔ ሣጥን ልተው፣ አንተ ስመኝን ተውልኝ” አልሁት። የተዋዋልን መስሎኛል።

ደንበኛ ሲመጣ ጣውላ ላይ ተቀምጬ “ጣውላ የለም” እላለሁ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ጣውላውንም እኔንም አየና “አልጋ ትሠራለህ?” አለኝ።

“እሠራለሁ።”

“እንግዲያው አልጋ ሥራልኝ፤ ክዳን ያለው።”

ወደ ሌላ አናጢ መራሁት። ስመኝ ከመኝታዋ ሆና ሰምታን ኖሮ “አንተ መዶሻህን ስትጥል ሞት ሥራ የሚፈታ መሰለህ?” አለችኝ። ቀጥላም “ቢያድነኝ ተመስገን ነው። ባያድነኝም የእሱ ነኝ፤ ወደት እጠፋለሁ?” አለች። ይህን መስማት አልፈለግሁም። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እትየ አንጓች ሊጠይቋት መጡ። ሲወጡ ሣጥን የሌለበትን ደጄን አዩና ነገሩ ገባቸው።

“አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ቁጠርልኝ” አሉኝ።

“አሁን?”

“አሁን።”

እንደ ተማሪ ቆምሁና “ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን...” ብዬ አምስተኛው ጠፋኝ። ጣሪያ አየሁ፤ መሬት አየሁ። ከውስጥ ስመኝ ባላት ጉልበት ሁሉ “ትንሣኤ ሙታን!” ብላ ጮኸች።

“ኧረግ!” አሉ እትየ አንጓች። “ዕድሜህን ሙሉ ሣጥን እየመታህ ይችን ትረሳለህ? ክዳኑ ለዘላለም የሚዘጋ መስሎህ ነው?” ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። “ለኔማ ምስማር እንዳታበዛ። የዚያን ቀን የምታገልበት ጉልበት የለኝም።” የቀረውን በአገውኛ ጨረሱት።

ስመኝ ቅዳሜ ጠዋት አረፈች፤ እጇ በእጄ ነበር። አለቀስሁ። ጥቂት ቆይቶ ሰው ሁሉ ሣጥን ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። ሣጥን ሠሪው ቤት ሣጥን አልነበረም። መጋዝ አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጣውላው ላይ መስመር እንኳ ማስመር አቃተኝ።

ጎረቤት ሄዶ ለእትየ አንጓች ነገራቸው። በጋሪ፣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ደረሱ። በርበሬውን ገልብጠውታል። “የኔ ቀጠሮ አልደረሰም፤ ልጄ ትሂድበት” አሉኝ። ጨርቁን ያለበሰችው ስመኝ ራሷ ነበረች።

ግቢ ውስጥ ክዳኑ ሲነሣ የበርበሬው ብናኝ ቦነነ። መጀመሪያ ቄሱን አስነጠሳቸው። ሰው በልማዱ “ይማርዎ!” አለ። እሳቸውም “ያኑራችሁ” ብለው ጸሎቱን ሊቀጥሉ ሲሉ ዲያቆኑን ያዘው። ከዚያ አልቃሾቹን። ግቢ ሙሉ ሰው በሬሳ ፊት እያነጠሰ “ይማርሽ”፣ “ያኑርህ” ይባባል ጀመር።

እኔንም አስነጠሰኝ፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ትዝ አለኝ። እሱ የከለከላትን እትየ አንጓች ስንቅ አድርገው ሰጧት። ሳቄ መጣ። ሳቁና ልቅሶው አብረው ወጡ፤ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አልለየሁትም። ሰዎች አበደ ብለው ክንዴን ያዙኝ።

“ተዉት” አሉ እትየ አንጓች። “አምስተኛው ትዝ ብሎት ነው።”

ክዳኑን የመታሁት እኔ ነኝ። እጄ ያን ጊዜ ታዘዘልኝ። አራቱን ማዕዘን ብቻ መትቼ መዶሻውን አስቀመጥሁ።

እትየ አንጓች ዛሬም አሉ። አራተኛውን ሣጥን አዘዋል፤ በርበሬውን በጆንያው ውስጥ አይጥ ፈጀው እያሉ ያጣድፉኛል።

ለእናንተ ለወጣት አናጢዎች የምለው ይህን ነው። ሣጥን መሥራት ሞትን አይጠራውም፤ አለመሥራትም አይመልሰውም። ልኩን ጠይቁ፤ እንጨቱ ይድረቅ፤ ታቹን አጥብቃችሁ ምቱ። ክዳኑ ላይ ግን ምስማር አታብዙ። ይከፈታል።